ሳጥን ሙሉ የድሮ አሜሪካ መንገድ፦ አባየና እኔ የገጣጠምነው ፎርድ

እህቴ ለጥምቀት ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። ላዩ ላይ የድሮ መኪና፣ ግንድ ላይ የታሰረ ፈረስና በረንዳ ያለው ሱቅ ተስሏል። ውስጡ ሁሉም ፕላስቲክ ነው፣ ከሦስት መቶ በላይ ቁርጥራጭ። ተገጣጥሞ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. የ1911 ፎርድ ሞዴል ቲ፣ ባለ አንድ ፈረስ ጋሪ፣ ስድስት ሰዎችና የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ መንገድ ይሆናል። ሁሉም ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰ ነው። መኪናው ጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ መዳፍ ላይ ይቀመጣል።

እኔ ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። ቴክኒክና ሙያ ውስጥ አውቶሞቲቭ አስተምራለሁ። አባየ ደግሞ በዚችው ከተማ 22 ዓመት ጋሪ ነድተዋል። ስለዚህ ይህን ዕቃ የገመገምነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔ መኪናውን አየሁ፣ እሳቸው ፈረሱን። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ መኪናው ግሩም ነው። መንገዱ ግን ብዙ ይቀረዋል። እህቴ 64 ዶላር ከፍላበታለች፣ ይኸ በእኛ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ እና በዘመድ ልታስመጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ሁሉንም ሳልደብቅ ልጻፍላችሁ።

ከመኪናው ልጀምር። ሠሪዎቹ ሞተሩን በኮፈን ሸፍነው አላለፉትም። ኮፈኑ ይከፈታል። ስትከፍቱት አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ ብሎክ ውስጥ ተደርድረው ታገኛላችሁ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሱት ካንዴላዎች የኑግ ፍሬ የሚያህሉ ቢሆኑም አሉ። እውነተኛው ሞተር 2.9 ሊትር ነበር፣ ጉልበቱም 20 የፈረስ ጉልበት። ይህን ለአባየ ስነግራቸው እጃቸውን ከሥራው አነሡ። «ሃያ ፈረስ? ሃያ ፈረስ ማን ቀለበው?» አሉኝ። ቤንዚን ነው የሚቀለበው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ ሲቆም አይበላማ» አሉ። ለአንድ የአሜሪካ ገበሬም ትልቁ ነገር ይኸው ነበር። ፈረስ ሠራም አልሠራም ክረምት ከበጋ ይበላል። መኪና ግን ካልተነዳ ወጪ የለውም።

ባሌስትራው፣ ማለት መኪናውን ተሸክሞ ንዝረት የሚያበርደው የብረት ንጣፍ፣ ላይ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። ሞዴል ቲ እንደ አሁኖቹ በየጎማው ባሌስትራ የለውም። ከፊት አንድ ብቻ፣ ከኋላም አንድ ብቻ፣ ሁለቱም በአግድም የተጋደሙ ናቸው። ሆዱ ከመሬት 25 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ ለመንገዱ ተብሎ ነው። ያኔ ከከተማ የወጣ የአሜሪካ መንገድ ማለት ጋሪ የቦረቦረው አፈር ነው፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉብታ ላይ ይወጣል፣ መኪናው እየተጠማዘዘ ካልሄደ ይሰበራል። ሞዴሉ ላይ ይህን አሳምረው ሠርተውታል። አንዱን ጎማ በጣታችሁ ወደ ላይ ስትገፉት አክሰሉ ዘንበል ይላል፣ ቦዲው ግን ቀጥ ብሎ ይቆያል። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ከእኔ የአንድ ሰዓት ማብራሪያ የበለጠ ገባቸው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የሹፌሩን ቦታ ነው። ወለሉ ላይ ሦስት ፔዳል አለ። መኪና መንዳት የሚችል ሰው ወዲያው ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ መስጫ ይላል። አይደለም። የግራውን እስከ ታች ስትረግጡት በዝግታ ማርሽ ይሄዳል፣ ግማሽ ላይ ስትይዙት ይፈታል፣ የእጅ ፍሬኑን ወደፊት አድርጋችሁ ስትለቁት በፍጥነት ማርሽ ይሄዳል። መካከለኛው ወደኋላ መሄጃ ነው። ፍሬኑ የቀኙ ነው። ነዳጅ የሚሰጠው በእግር ሳይሆን ከመሪው ሥር በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ ዘንግ ነው፣ በግራ በኩል ያለችው ደግሞ ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስ ታስተካክላለች። ሁለቱም ዘንጎች እዚህ ሞዴል ላይ አሉ። ፀጉር ያክላሉ፣ በወረንጦ ነው የያዝኳቸው። አንዷ ተፈናጥራ ጠፍታ ግማሽ ቀን ምንጣፍ ስንዳብስ ውለናል።

ሞተሩን በእጅ አዙሮ ማስነሻው ብረት፣ ማኖቬላውም አለ፣ ከራዲያተሩ ሥር፣ እና ይዞራል! ለዚህ ብቻ ሠሪዎቹን አመሰግናለሁ። የድሮ ከባድ መኪና ሹፌሮች ስለ ማኖቬላ የሚሉትን እኛም አገር የሰማ ይሰማል፣ እጅ ይሰብራል። እውነት ነው። ካንዴላው ቀድሞ ከተኮሰ ሞተሩ ወደኋላ ይመልሳል፣ አንጓን ወይም አውራ ጣትን ይሰብራል። ለዚህ ነው በግራ እጅ፣ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አንድ ወገን አድርጎ፣ ወደ ላይ መጎተት የሚመከረው፤ ወደ ታች መጫን አይመከርም። ጠዋት ብርድ ሲሆን ደግሞ ዘይቱ ስለሚወፍር ማርሹ በደንብ አይፈታም፣ መኪናው እንደተነሣ ወደፊት ይሳባል፣ ማኖቬላ የያዘው ሰው ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሟል። አንዳንዱ ሰው አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥቶ ነበር የሚያስነሣው። በኤሌክትሪክ ማስነሣትን ቻርልስ ኬተሪንግ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ላይ ወጣ፤ ፎርድ ግን ሞዴል ቲ ላይ ያስገባው በ1919 ነው።

የፊቱ ወንበር ተነሥቶ ይወጣል። ሥሩ የቤንዚን ታንከር ነው። ይህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም የሞዴል ቲን ትልቁን ጠባይ የምታሳየው ይህች ናት። የቤንዚን ፓምፕ የለውም። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት እየወረደ ነው ሞተሩ ጋ የሚደርሰው። ዳገቱ ከበረታና ቤንዚኑ ካነሰ ሞተሩ ከታንከሩ በላይ ይሆንና ቤንዚን ያጣል። መፍትሔው ዞሮ ዳገቱን በኋላ ማርሽ መውጣት ነበር። አባየ ይህን ሰምተው አላመኑኝም። «የዓባይን በረሃ ወደኋላ ሊወጡት ነው? ከድልድዩ እስከ ደጀን?» ከሺህ ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት ነው፣ መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ታንከሩን ሞልቶ የተነሣ ሰው ሳይቸገር ይወጣው እንደነበር አስረዳኋቸው፣ ግን ከዚያ ቀን በኋላ መኪናውን «የኋሊት ወጪው» ብለውታል፣ ስሙም በቤታችን ጸንቷል።

ቀለሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ሞዴል ቲ ጥቁር ብቻ ነበር ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። ጥቁር ብቻ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ነው። መመሪያው ለ1911ዱ ጥቁር ሰማያዊ ይላል፣ ልክ ነው፣ እንዳትለውጡት። ራዲያተሩና የፊት መብራቶቹ የነሐስ ቀለም ናቸው። እነዚያ መብራቶች በኤሌክትሪክ አይሠሩም ነበር፣ ካርባይድና ውኃ ተገናኝተው በሚወጣው ጋዝ ነው በክብሪት የሚለኮሱት። የጎንና የኋላ መብራቶቹ ደግሞ በላምባ ነው የሚበሩት። የእኛ ኩራዝ ማለት ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ማጣበቂያ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ቀለምም የለም። ካርቶኑ ላይ በትንሹ ተጽፏል፣ እህቴ አላየችውም። የሞዴል ማጣበቂያ ደግሞ እሳት ስለሚይዝ በአውሮፕላን ሻንጣ ይዞ መምጣት አይቻልም። እኔ በሱፐር ግሉ ጀመርኩ። ለቦዲውና ቦዲው ለሚቀመጥበት ሻንሲ ይሠራል፣ በስፒል ጫፍ ጠብታ ጠብታ እያደረጋችሁ። ለመስታወቱ ግን እንዳትሞክሩት! ትነቱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል። የፊት መስታወቴ ዛሬም ጉም የለበሰ ይመስላል። በኋላ ነው ነጭ የእንጨት ኮላ ለመስታወት እንደሚሻል የገባኝ፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ቀለም ሳጣ ደግሞ የጥፍር ቀለም አንድ ትርፍ ቁራጭ ላይ ሞከርኩ፣ ፕላስቲኩን አቀለጠው። ለሥዕል የሚሆነው በውኃ የሚቀጠን አክሪሊክ ግን በደንብ ይይዛል፣ ከባሕር ዳር ነው ያስመጣሁት። ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ በመካከሉ አንድ ሌሊት ይደር።

አንድ የኋላ መብራትም ጎድሎ ነው የመጣው። ለሻጩ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሱልኝ፣ መለዋወጫ የምንልከው አሜሪካ ውስጥ ላለ አድራሻ ብቻ ነው አሉ። ይህ በጣም አናዶኛል። በአንድ ፖስታ የሚላክ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት። በመጨረሻ ከእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጬ ሠራኋት። ከሩቅ አትለይም፣ እኔ ግን ሁልጊዜ ትታየኛለች።

እዚህ ድረስ ያለው የመኪናው ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የአባየ ነው፣ ምክንያቱም መንገዱን ዘርግተን ፈረሱን ስናቆም ዝም ማለት አልቻሉም።

መንገዱ 45 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ወለል ነው። በአንድ ወገን ሁለት ሱቆች አሉ፣ አንዱ ፋርማሲ፣ አንዱ ሁሉን የሚሸጥ። ፊት ለፊታቸው የእንጨት በረንዳ፣ የፈረስ ማሰሪያ ግንድ፣ የውኃ ገንዳና የመብራት ምሰሶ። ሥራው ጥሩ ነው፣ የበረንዳው ጣውላ ሚስማሩ ሳይቀር ይታያል። ግን መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ለስላሳ ነው። ንጹሕ። አባየ ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱና «እዚህ ከተማ ፈረስ ኖሮ አያውቅም» አሉ።

ትክክል ናቸው። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ዋና መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አፈር ነበር። በጋ ላይ አቧራው ሱቅ ስለሚገባ ውኃ የሚረጭ ጋሪ በየመንገዱ ይዞር ነበር። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጎማ ይይዛል። አንድ ትልቅ ፈረስ በቀን ከ10 ኪሎ በላይ ፋንድያ ይጥላል፣ መቶ ፈረስ የሚገባበትን የገበያ ቀን አስቡት። የእንጨት በረንዳው ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራው ለውበት ብቻ አይደለም፣ ሰው ጭቃና ፋንድያ ሳይረግጥ ከሱቅ ሱቅ እንዲሄድ ነው። ሞዴሉ በረንዳውን ሠርቶ የበረንዳውን ምክንያት ተወው። ይህ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው። በካርቶኑ ላይ «እውነተኛ የከተማ ሕይወት» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ጽፈው እየሸጡ ጭቃ መርሳት የለባቸውም ነበር።

ሁለተኛው የፈረሱ ነገር ነው። ፈረሱ ራሱ ቆንጆ ነው፣ መልኩ ዳማ ነው፣ ጡንቻው ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ልጓሙና የጋሪው ገመድ በትክክል ተሠርቷል፣ አባየ አንድ በአንድ አይተው የሚያወጡለት እንከን አላገኙም። ግን መኪናው ሦስት ጣት ርቀት ላይ ቆሞ ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያንቀላፋል። ጆሮው ወደ ጎን ወድቋል።

«ይኸ ፈረስ ደንቆሮ ነው?» አሉ አባየ።

ከዚያ ስለ ራሳቸው ፈረስ አነሡ። ከአዊ የገዙት ዳማ ነበር። ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ሁለት ጆንያ ጤፍና አንዲት እናት ጭነው ሲሄዱ ባጃጅ ከኋላ መጥቶ ክላክስ ነፋ። ዳማው በአንድ ዝላይ ጋሪውን ቦይ ውስጥ ከተተው። ጤፉ ፈሰሰ። እናት ምንም አልሆኑም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለወር ያህል አባየ ባጃጅ ከሚበዛበት መንገድ እየሸሹ በጓሮ ጓሮ ሠሩ፣ ማታ ማታ ደግሞ ፈረሱን የጎረቤት ባጃጅ አጠገብ አስረው ገብስ ይሰጡት ነበር፣ ድምፁን እንዲለምድ። ለመደ። «መጀመሪያ ጆሮው ይቆማል፣ ከዚያ ዓይኑ ነጩ ይታያል፣ ከዚያ ነው የሚዘለው» ይላሉ። ፈረስ የማያውቅ ሰው ይህን ቅደም ተከተል አያውቀውም።

አሜሪካም ያው ነበር። ኢንዲያና ውስጥ ኮኮሞ በምትባል ከተማ ኤልውድ ሄይንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1894 መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሞክር ሲወጣ ሰው ስለተሰበሰበ፣ አደጋ እንዳይደርስ ብሎ መኪናውን በፈረስ አስጎትቶ ነው ከከተማ ያወጣው። ከዚያ በኋላ ነው በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የነዳው። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ በሚሺጋን ባትል ክሪክ ዩራያ ስሚዝ የሚባል ሰው ፈረሶች እንዳይደነግጡ የመኪናው አፍንጫ ላይ የእንጨት የፈረስ ራስ የሚገጠምበት ንድፍ አወጣ። ኮኔቲከት በ1901 የመኪና ፍጥነት ሕግ ስታወጣ በከተማ ውስጥ 19፣ ከከተማ ውጭ 24 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ብላ ወሰነች፣ ሹፌሩም ፈረስ ሲያጋጥመው እንዲያዘግም፣ ካስፈለገም እንዲቆም አዘዘች። ይህን ለአባየ ሳነብላቸው «ይኸ ሕግ ለእኛ ለምን አልመጣልንም?» አሉ፣ ከልባቸው ነው። ዳማው ቦይ ሲገባ የባጃጁ ልጅ ሳይቆም ነበር ያለፈው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የሚያመርቱት ቢቻል ጆሮውን ያቆመ ፈረስ ይጨምሩበት። ጋሪ የሚነዳው ሰው ሞዴልም ልጓሙን ላላ አድርጎ ፈገግ ብሏል። አጥብቆ መያዝ ነበረበት። መኪናዋን አልፎ የሚያይ የጋሪ ሰው አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

ፋርማሲው ግን ልቤን ነክቶታል። በሩ ላይ ሦስት ቀይ ጣሳ ተደርድሯል፣ እነዚያ የቤንዚን ጣሳዎች ናቸው። ነዳጅ ማደያ ከመስፋፋቱ በፊት ቤንዚን የሚገዛው ከፋርማሲና ከሸቀጥ ሱቅ ነበር፣ ለጽዳት ተብሎ ይሸጥ ስለነበር። ሰው ጣሳውን ገዝቶ፣ በማጣሪያ አድርጎ፣ ወንበሩን አንሥቶ ታንከሩ ውስጥ ይቀዳ ነበር። ሞዴል ቲ የቤንዚን መለኪያ ስለሌለው ምን ያህል እንደቀረ የሚታወቀው እንጨት ነክሮ በማየት ነው። እኛ ጋ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ እየተሸጠ ባጃጆች የሚቀዱትን ላየ ሰው ይህ ትዕይንት እንግዳ አይደለም። ተማሪዎቼ ጣሳዎቹን አይተው ወዲያው «ሃይላንዱ ይኸው!» አሉ። ማስረዳት እንኳ አላስፈለገኝም።

የጎደለ ሰው ግን አለ። ቀጥቃጭ የለም። የፈረስ ማሰሪያ፣ የፈረስ ውኃ፣ የፈረስ ጋሪ አስቀምጦ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው መተው ልክ አይመስለኝም። ኮቴ ላይ ብረት የሚመታው፣ የጋሪ ጎማ የሚጠግነው እሱ ነው። መኪና ሲመጣ ደግሞ በብዙ ትናንሽ ከተሞች የመጀመሪያው መካኒክ የሆነው እሱ ራሱ ነው፣ ምክንያቱም ብረት ማጋል፣ ማቃናትና መበየድ የሚያውቀው እሱ ነበር፣ ከፊሉ ግድግዳው ላይ የፈረስ ብረት እንደተሰቀለ ጋራዥ ከፈተ። እኔ የዚያ ሙያ ወራሽ ነኝ። ከተማችን ውስጥም የአባየን ጋሪ ሲበይድ የኖረው ሰው አሁን ባጃጅ ይበይዳል፣ ቤቱም ያው ቤት ነው። በሚቀጥለው ካርቶን ውስጥ ከፋርማሲው ይልቅ እሱ ቢገባ ባልኩ ነበር፣ ግን ፋርማሲውንም አልሰጥም።

ስድስቱ ሰዎች እንዲህ ናቸው። የጋሪው ሰው፣ የመኪናው ሹፌር፣ ባለ ሱቅ፣ አንድ ልጅና ሁለት ሴቶች። የሴቶቹ ልብስ ተጠንቷል። ረጅም የአቧራ ካፖርት፣ ባርኔጣ ላይ የታሰረ ሻሽ። መኪናው ጣሪያው ታጥፎ ክፍት ሲሆን አቧራው ስለማያስቀምጥ ነው። ግን አንዲት ተማሪዬ አንድ ነገር አየች። «መምህር፣ ሁለቱም ሴቶች ለምን ከኋላ?» አለችኝ። እግራቸው ለኋላ ወንበር ተብሎ ስለተቀረፀ ፊት ላይ ብታስቀምጧቸው ፔዳሉ ጋ አይደርሱም። ያን ቀን ትምህርቱን ትቼ ስለ አሊስ ራምዚ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1909፣ በ22 ዓመቷ፣ ሦስት ሴቶች አሳፍራ ማክስዌል በሚባል መኪና ከኒው ዮርክ ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በ59 ቀን ነድታ ገብታለች። ከአራቱ መንዳት የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። ጎማ ራሷ ትቀይር ነበር፣ ካንዴላ ራሷ ትጠርግ ነበር። ተማሪዬ አሁን ሹፌሯን ሴት ለማድረግ የአንዷን ሞዴል ጉልበት በምላጭ ቆርጣ እያስተካከለች ነው። ሲያልቅ ፎቶ እለጥፋለሁ።

ለክፍል ማስተማሪያ ይሆናል ወይ ለሚለኝ፣ በደንብ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና ያገኙት በ1900 ዓ.ም. ነው፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ እስከ አዲስ አበባ አምጥቶላቸው። ሞዴል ቲ ለገበያ የወጣው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1901 ነው። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታስተምሩት ልጆቹ ይገረማሉ። ያኔ ዋጋው 850 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1913 በፊት አንድ ሻንሲ ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር፤ ፎርድ ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ላይ መኪናው ወደ ሠራተኛው የሚሄድበትን ተንቀሳቃሽ መስመር ከዘረጋ በኋላ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ዋጋውም እየወረደ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ርካሹ በ260 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ1927 ማምረቱ ሲቆም 15 ሚሊዮን ተሠርቶ ነበር። ልጆቹን በሁለት ከፈልኳቸው። አንዱ ቡድን እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን የወረቀት መኪና እንዲሠራ፣ ሌላው በመስመር ተቀምጦ እየተቀባበለ። ማን እንዳሸነፈ መናገር አያስፈልግም፣ ግን ብቻቸውን የሠሩት ልጆች መኪና ያምር ነበር፣ ይህንንም ተከራከርንበት።

ገበሬዎች የኋላ ጎማውን በክሪክ አንሥተው ቀበቶ እያጠለቁ እንጨት ይሰነጥቁበት፣ እህል ይፈጩበት እንደነበርም ነግሬያቸዋለሁ። ወፍጮ ቤት ያደገ አንድ ልጅ ቀበቶው ከጎማው እንዳይወጣ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ራሱ እንዲሥለው አደረግኩ።

ለማን ይሆናል? ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ብቻውን አትስጡት፣ ቁርጥራጮቹ ደቃቅ ናቸው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለሁለት ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። እኛ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል፣ ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት። አባየ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ብዙ ሲያወሩ አልሰማኋቸውም። መመሪያው በሥዕል ስለሆነ ቋንቋ አያስቸግርም። ስታዘዙ ዘመዳችሁ ካርቶኑን ከፍቶ እዚያው እያለ ቁርጥራጩን እንዲቆጥር ንገሩት፣ የእኔ የኋላ መብራት እንዳይደርስባችሁ። ወረንጦ፣ ስለት ያለው ምላጭና ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አዘጋጁ። ከአምስት ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ ለመኪናው አምስት፣ ለመንገዱ ሦስት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ አባየ ወለሉን ደጅ አውጥተውት አገኘሁ። ቀይ አፈር በኮላ ለውሰው መንገዱን ቀብተውታል። የጎማ ቦይ በጥፍራቸው አውጥተውለታል። ገለባ በምላጭ ደቅቀው በትነውበታል፣ ከፈረሱ ኋላ ደግሞ ትናንሽ ጥቁር እንክብሎች አሉ፣ ምን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። የፈረሱን ጆሮ በጋለ መርፌ አቃንተው አቁመውታል። መኪናውን ደግሞ ከጋሪው አርቀው፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ቆሞ እንደሚጠብቅ አድርገው አስቀምጠውታል።

«እንዲህ ነው» አሉኝ። «አሁን ለእህትህ ጻፍላት፣ ብቻውን እንዳይሆን አንድ ፈረስ ትጨምርልን።»